ለደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ የሚበረክት የኋላ ማርሽ ቀያሪ የትኛው ነው?

ጦሳ ሥር · ደሴ

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ትራንስፖርት ሲያማርረኝ ወደ ሳይክል ዞርኩ። ጠዋት ቁልቁለቱ ደስ ይላል። ማታ ጉልበት ካለኝ እየነዳሁ፣ ሲደክመኝ እየገፋሁ እወጣለሁ። ሲብስ ሚኒባስ ላይ አስጭኜ እመለሳለሁ።

ሳይክሉ ያገለገለ ማውንቴን ነው። ጎማው 26፣ ፊት 3 ጥርስ፣ ኋላ 7። ፍሬሙ ብረት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ምንም አልወጣለትም። ያስቸገረኝ የኋላው ማርሽ ቀያሪ ብቻ ነው፣ ያ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው። ይዞት የመጣው ተሰበረ። ከገበያ ስም የሌለው ገዝቼ አስገጠምኩ። እሱም ክረምቱን ሳይጨርስ ላላ። አሁን ደግሞ ትልቁ ጥርስ ላይ ስወጣ የኋላ ቸርኬውን ሽቦ እየነካ ክር ክር ይላል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጨክኜ ውዱን ልግዛና ልረፍ? ወይስ ርካሹን እየቀያየርኩ ልኑር? ቱርኒ፣ አልቱስ፣ አሴራ፣ ዲኦሬ የሚባሉ የሺማኖ ኩባንያ ደረጃዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ፣ ልዩነታቸው ግን አይገባኝም። የምታውቁ በአላህ ንገሩኝ።

ወሎዬው · አዲስ አበባ

ዲኦሬ ግዛና ተገላገል። ክላች ያለውን፣ ክንዱ እንዳይፈናጠር የሚይዘውን ማለቴ ነው። ርካሽ ስትገዛ ሁለቴ ነው የምትከፍለው።

የሰኞ ገበያው ጠጋኝ · ደሴ

አብሽር ወንድሜ፣ መላ አለው። ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁለተኛውን ሲገጥሙልህ ማንጠልጠያውን ያየልህ ሰው ነበር?

ማንጠልጠያ የምለው ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበትን ጆሮ ነው። ከኋላ ቸርኬው ዳዶ ሥር ወደ ታች ወጥቷል። ሳይክል በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚመታው ማርሽ ቀያሪው ነው። እሱ ሲገፋ ማንጠልጠያው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ባለቤቱ ሳይክሉን ያነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ መንገዱን ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ ችግሩ ይጀምራል። ማርሹ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም። ሲያስተካክሉት ታች ይበላሻል፣ ታች ሲያስተካክሉት ላይ። ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣ የቀያሪው ክንድ ወደ ሽቦው ይጠጋል። አንተ ክር ክር የምትለው እሱ ነው። ዝም ካልከው አንድ ቀን ዳገት ላይ አጥብቀህ ስትረግጥ ሽቦው ክንዱን ይይዘዋል። ቸርኬው ይዞት ይዞራል። ማርሽ ቀያሪው ይሰበራል፣ ሽቦው ይበጠሳል፣ ማንጠልጠያው ይጠመዘዛል። ሁሉም ባንድ ረገጣ።

እኔ ጋ ተሰብሮ የሚመጣው አብዛኛው እንዲህ የሞተ ነው። አርጅቶ፣ ተበልቶ፣ ዕድሜውን ጨርሶ የሚመጣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውዱን ገዝተህ ጠማማ ማንጠልጠያ ላይ ብትሰቅለው ውዱም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ገንዘብህ ያሳዝነኛል።

እስኪታይልህ ድረስ ትልቁን ጥርስ አትጠቀም። ማርሽ ቀያሪው ላይ ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች ጎን ለጎን አሉ። ኤል የተጻፈበት ክንዱ ወደ ሽቦው የሚሄድበትን ወሰን የሚይዘው ነው። ኤች የተጻፈበት የትንሹን ጥርስ ወገን ይይዛል። ኤሉን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ትንሽ አጥብቀው። ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ አይወጣ ይሆናል። ለጊዜው ይቅርብህ።

ቆቦ ሜዳ · ቆቦ

ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የኛን አገር ነው።

ቆቦ ላይ ዳገት የለም፣ ሜዳ ነው። ጠላታችን አቧራና አሸዋ ነው። የጎሊናን ወንዝ በበጋ ስትሻገር አሸዋው ካቴና ውስጥ ይገባል። ብዙ ልጆች ደግሞ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥተው ያፈሱበታል። ያ ዘይት በውስጡ የብረት ብናኝ አለው። ወፍራም ስለሆነም አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ ካቴናው፣ ጥርሱ፣ ካቴናው የሚያልፍባቸው ትንንሾቹ የቀያሪው ሮለሮች፣ የማርሽ ቀያሪው መገጣጠሚያዎች ሁሉም አብረው ይፈጫሉ።

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው የምጠቀመው። ቀጭን ነው። ካቴናውን መጀመሪያ በጨርቅ እጠርጋለሁ። በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ መጥረግ። ውጭው ደረቅ መምሰል አለበት። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ ነው። ማርሽ ቀያሪው ላይ ደግሞ አራቱ ማጠፊያዎች ላይ ጠብ ማድረግ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ማጠፊያው ሲደርቅ ሞላው ክንዱን መመለስ ያቅተዋል፣ ሰው ደግሞ ሞላው ሞተ ብሎ ይጥለዋል።

ሌላው፣ ለኛ አገር ማርሽ ራሱ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አንድ ጥርስ ይበቃል። የሌለ ዕቃ አይሰበርም።

ጦሳ ሥር · ደሴ

ቆቦ ሜዳ፣ ለቆቦ ልክ ነህ ወንድሜ። የዶሮ መዝለያን ዳገት በአንድ ጥርስ ውጣ ብትለኝ ግን አልችልም። ስለ ዘይቱ አመሰግናለሁ፣ እኔም ያንኑ ጥቁር ዘይት ነው የሚያፈሱልኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማንጠልጠያው መጣመሙን እንዴት ነው የሚያውቁት? ለዚህ ልዩ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

የሰኞ ገበያው ጠጋኝ · ደሴ

መሣሪያው አለ። ረጅም ዘንግ ነው፣ ማንጠልጠያው ቀዳዳ ላይ ትጠመዝዘዋለህ። ጫፉን ቸርኬው ላይ በአራት አቅጣጫ እያዞርክ ርቀቱን ትለካለህ። ልዩነቱ ከ4 ሚሊሜትር ካልበለጠ ደህና ነው። ከበለጠ በዘንጉ ራሱ ቀስ እያልክ ትመልሰዋለህ።

መሣሪያው የሌለው ሰው በሌላ የኋላ ቸርኬ ማየት ይችላል። የማንጠልጠያው ቀዳዳ ጥርስ፣ የብሎን ጥርስ ማለቴ ነው፣ 10 ሚሊሜትር በ1 ነው። የብዙ የኋላ ቸርኬ አክሲሎችም ያው ናቸው። ማርሽ ቀያሪውን ፈትተህ የሌላውን ቸርኬ አክሲል ማንጠልጠያው ውስጥ ትጠመዝዛለህ። ሁለቱ ቸርኬዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ላይም ታችም፣ ፊትም ኋላም እኩል ከሆነ ማንጠልጠያው ቀጥ ብሏል። ካልሆነ ቸርኬውን ይዘህ ቀስ ብለህ ትገፋዋለህ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ርካሽ አክሲሎች በኢንች የተሠሩ ናቸው። ጥርሳቸው ለ10 ሚሊሜትሩ በጣም ይቀርባል፣ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ የገባ ይመስላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በጣትህ እየዞረ ካልገባ በቁልፍ አትግፋው። የቀዳዳው ጥርስ ከተላጠ ሌላ ጣጣ ነው።

ያንተ ፍሬም ብረት ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። ብረት ይታጠፋል፣ ይመለሳልም። አሉሚኒየም ፍሬም ላይ ማንጠልጠያው ብዙ ጊዜ ለብቻው በቪቴ የተያዘ ነው። ፍሬሙ ከሚሰበር እሱ ይሰበር ተብሎ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጓል። ችግሩ ቅርጹ በየፍሬሙ ይለያያል፣ መለዋወጫው ደሴ ላይ አይገኝም። አሉሚኒየም ሳይክል ያላችሁ አንድ ትርፍ ማንጠልጠያ ከአዲስ አበባ አስመጥታችሁ ቤት ብታስቀምጡ ጥሩ ነው።

የሐይቋ · ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጤና ኤክስቴንሽን ላይ ነው የምሠራው፣ ሳይክሌ በገጠር መንገድ ነው የሚውለው። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ጭቃ ነው። በክረምት የኛ ዋልካ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ገለባ ሲቀላቀልበት ደግሞ ይባስ። ሮለሮቹ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ካቴናው ማለፍ ያቅተዋል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? አጥብቆ ይረግጣል። ካቴናው ክንዱን እየጎተተ ወደ ላይ ይወስደዋል፣ ማንጠልጠያው ይሰበራል። የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ነው የሰበረችው። ፔዳሉ ድንገት ከከበዳችሁ በፍጹም አትርገጡ። ውረዱ፣ ጭቃውን በእንጨት አውጡት፣ በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ከሐይቅ ደሴ ስሄድ ሳይክሌን ፖርቶመጋላ ላይ እጭናለሁ። ረዳቶቹ በቀኝ ጎኑ አስተኝተው ጆንያ ይጭኑበታል። አሁን ከመጫኔ በፊት በ5 ቁጥር ኤለን ማርሽ ቀያሪውን ከማንጠልጠያው እፈታዋለሁ። ካቴናውን ሳልቆርጥ፣ ገመዱን ሳልነካ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከፍሬሙ ጋር አስረዋለሁ። ከደረስኩ በኋላ መልሶ ማሰር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጊዜ ከሌለኝ ቢያንስ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አወጣዋለሁ። ያኔ ክንዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በግራ ጎኑ እንዲያስተኙልኝም እጠይቃለሁ።

ጦሳ ሥር፣ አንተም ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ብለሃል። ማንጠልጠያህን ያጣመመው እሱ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጋሼ። የላይኛው ሮለር ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የታችኛው አይወዛወዝም። ልቀይረው?

የሰኞ ገበያው ጠጋኝ · ደሴ

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ነው የጻፍሽው። ሮለሩን አትቀይሪው። የሺማኖ የላይኛው ሮለር ወደ ጎን ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ማስተካከያው ትንሽ ቢዛነፍ ካቴናውን ራሱ ፈልጎ መሃል ያደርገዋል። የታችኛው ሥራው ካቴናውን መወጠር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለማጠብ ስትፈቺያቸው ቦታ እንዳይለዋወጡ ብቻ ተጠንቀቂ። ተለዋውጠው የተገጠሙ ብዙ አያለሁ፣ ባለቤቱ ማርሹ ለምን እንደሚንገጫገጭ አይገባውም።

ጥርሳቸው ሾሎ ጫፉ እንደ መርፌ ሲሆን ያኔ ቀይሪያቸው። ሮለር ለብቻው ይገኛል፣ ሙሉውን መግዛት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ባለ 11 ጥርስ ናቸው፣ ቆጥረሽ ግዢ።

ኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ

እኔ መካኒካል ነው የምማረው፣ ስለ ምርጫው ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወሎዬው «ዲኦሬ ግዛ» ብሎሃል። ዲኦሬ ግሩም ዕቃ ነው። ግን የዛሬው ዲኦሬ ባለ 10፣ 11 ወይም 12 ጥርስ ነው፣ ያንተ ደግሞ 7። ችግሩ የጥርሱ ቁጥር ሳይሆን ገመዱ ነው። መሪው ላይ ያለው መቀየሪያ በአንድ ጠቅታ የተወሰነ ርዝመት ገመድ ይስባል። ማርሽ ቀያሪው ያንን ርዝመት ወደ ጎን እንቅስቃሴ ይለውጣል። ሁለቱ ካልተስማሙ ካቴናው በሁለት ጥርስ መሃል ይቀራል። የሺማኖ የተራራ ሳይክል ዕቃዎች ከ6 እስከ 9 ጥርስ ድረስ አንድ ስሌት ነው ያላቸው። ከ10 ጀምሮ ስሌቱ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኪዩስ የሚባለው የሺማኖ መስመርም የራሱ ስሌት አለው።

ይህ ላንተ ጥሩ ዜና ነው። ባለ 7 መቀየሪያህን ሳትነካ ባለ 8 ወይም ባለ 9 የሺማኖ ቀያሪ መግጠም ትችላለህ። ቱርኒ፣ አልቱስ፣ አሴራ፣ አሊቪዮ፣ አሮጌው ባለ 9 ዲኦሬም ቢሆን ይሠራሉ። ስራም የሚባለው ሌላ ኩባንያ ዕቃዎች ብዙዎቹ በሌላ ስሌት ናቸው፣ ስለዚህ ከሺማኖ መቀየሪያ ጋር አታቀላቅላቸው። የታይዋኑ ኩባንያ ማይክሮሺፍት ከሺማኖ ጋር የሚስማሙ ጥሩ ጥሩ ባለ 7፣ 8 እና 9 ዕቃዎች አሉት። አድቬንት የሚባለው መስመሩ ግን ለብቻው ነው፣ መቀየሪያውም ቀያሪውም አብረው መገዛት አለባቸው።

ቀጥሎ የሚታየው አቅም ነው። ትልቁ ጥርስ ስንት ድረስ ይችላል? ስንት ጥርስ ያህል የላላ ካቴና ይሰበስባል? በምሳሌ ላሳይህ። በየክቡ ዙሪያ ያሉት ሹሎች ቁጥር ፊትህ 42፣ 34፣ 24 ነው እንበል። ትልቁ ከትንሹ ሲቀነስ 18። ኋላህ ከ14 እስከ 28 ነው እንበል። ልዩነቱ 14። ድምሩ 32። ማርሽ ቀያሪህ ቢያንስ 32 መሰብሰብ አለበት። ረጅም ክንድ ያላቸው አልቱስ ኤም310 እና አሴራ ኤም360 እስከ 43 ይሰበስባሉ፣ ትልቁ ጥርስም እስከ 34 ድረስ ይፈቀዳል።

ይህንን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ዳገቱ በእኩል አልተከፋፈለም፣ ጥምዝምዙ ላይ ነው የተጠራቀመው። በ24 ፊትና በ28 ኋላ አንዴ ፔዳሉን ስታዞር 1.75 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። ኋላው 34 ቢሆን 1.45 ሜትር ገደማ። ይህ ልዩነት ጉልበት ላይ በደንብ ይሰማል። ባለ 7 ሆኖ ከ14 እስከ 34 የሆነ ፍሪዊል፣ የኋላው ጥርስ ስብስብ ማለት ነው፣ ሺማኖ ይሠራል። ብትቀይረው ድምርህ 38 ይሆናል፣ አልቱስና አሴራ አሁንም ይችሉታል። እኔ ብሆን ለቀያሪ ብቻ ብዙ ገንዘብ ከማወጣ መካከለኛ ቀያሪና ባለ 34 ፍሪዊል አብሬ እገዛ ነበር።

ስለ ደረጃው ደግሞ፣ የሁሉም አጥንት አንድ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ሰንቱር እ.ኤ.አ. በ1964 ሰያፍ ቅርጹን አወጣ። የላይኛው ሮለር ከትንሹ ጥርስ እስከ ትልቁ ድረስ ተቀራራቢ ርቀት ይዞ እንዲሄድ የሚያደርገው እሱ ነው። ፓተንቱ ሲያበቃ ሌሎቹም ወሰዱት፣ ሺማኖ ደግሞ በ1984 ጠቅ የሚለውን መቀየሪያ ጨመረበት። ዛሬ ርካሹም ውዱም በዚህ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ማጠፊያዎቹ ምን ያህል ጥብቅ ናቸው፣ የክንዱ ሳህን ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ሮለሮቹ በቡሽ ነው ወይስ በኩሽኔታ የሚዞሩት የሚለው ላይ ነው። ቱርኒ ሰፈር ውስጥ ለመመላለስ ይበቃል። በየቀኑ ዳገት ለሚወጣ ሰው ማጠፊያው ቶሎ ይላላል። አልቱስ ወይም አሴራ ላይ የምታወጣው ጭማሪ ዋጋ አለው። ከዚያ በላይ ስትሄድ የምትከፍለው በአብዛኛው ለክብደትና ለልስላሴ ነው። ድንጋይ ሲመታው ውዱም ይሰበራል።

ወሎዬው · አዲስ አበባ

ኪዮት ተማሪ፣ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ክላቹን አቃለልከው። እኔ እንጦጦ ላይ የምነዳው ክላች ባለው ነው። ቁልቁለት ላይ ካቴናው አይንገጫገጭም፣ አይወልቅም። ደሴ ኮብልስቶን ናት። እንዲህ ያለው ሳይክል ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነም የፊተኛው ቀያሪ፣ ገመዱና መቀየሪያው ይቀሩልሃል፣ የሚበላሸው ነገር ይቀንሳል። አንድ ጊዜ በደንብ አውጥቶ መገላገል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ኪዮት ተማሪ · ኮምቦልቻ

ክላቹ ጥቅም የለውም አላልኩም። ክንዱ ወደ ፊት እንዳይፈናጠር አጥብቆ ይይዘዋል፣ ኮብልስቶን ላይ በእርግጥ ይለያል። ግን የሚያስከትለውን ቁጠር። መቀየሪያው ይለወጣል። የኋላው ጥርስ ይለወጣል። ፍሪዊል በጥርስ የሚጠመዘዝበት ቸርኬ ካሴት የሚባለውን የአዲሶቹን የኋላ ጥርስ ስብስብ አይቀበልም፣ ስለዚህ ቸርኬውም ይለወጣል። ቀጭን ካቴና ያስፈልጋል። የፊቱም ጥርስ ይለወጣል። ሳይክሉ ራሱ ያን ያህል ዋጋ የለውም።

ደግሞም ደሴ ላይ ባለ 11 ካቴና በድንገት ቢበጠስ ከየት ይመጣል? ባለ 7 ካቴና በየሱቁ አለ።

ወሎዬው · አዲስ አበባ

የቸርኬውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለሱ ሳይክል ያንተ ሐሳብ ይሻላል። አዲስ ሳይክል ለሚገዛ ሰው ግን ባለ አንድ ፊት ጥርሱን አሁንም እመክራለሁ።

ባቲ ሰኞ · ባቲ

ስም የሌለው አዲስ ከምትገዙ ስም ያለው ያገለገለ ይሻላል ባይ ነኝ። ያገለገሉ ሳይክሎች ከነዕቃቸው ይመጣሉ፣ ከነሱ የተፈታ አልቱስና አሴራ ፈልጎ የማያጣ የለም። ሲገዙ ማየት ያለባችሁን ልንገራችሁ።

ክንዱን ከታች ያዙና ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ትንሽ እሺ ማለቱ አይቀርም። ከላላ፣ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ተዉት። ማጠፊያው በሪቬት የተመታ ነው፣ አይጠገንም። ቀጥሎ በእጃችሁ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ልቀቁት። ሳያመነታ መመለስ አለበት። ካመነታ ሞላው ሞተ ከማለታችሁ በፊት ግን ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፣ ቆቦ ሜዳ እንዳለው። ከዚያ ከኋላ ሆናችሁ ሁለቱን ሮለሮች እዩ። አንዱ ከሌላው ሥር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ክንዱ ከተጣመመ መልሶ ማቃናት ይቻላል፣ ግን እንደ አዲስ አይሆንም። መጨረሻ ላይ ማንጠልጠያው ውስጥ የሚገባውን ብሎን ጥርስ እዩ። ያ ከተላጠ በነጻም አትውሰዱት።

አንድ ሌላ ነገር። ያረጀ ሳይክል፣ መቀየሪያው ጠቅ የማይለው፣ ወደፈለጋችሁበት የሚሳበው ዓይነት ካላችሁ የስሌቱ ጣጣ አይነካችሁም። የትኛውም ቀያሪ ይሠራላችኋል። እኔ ሆን ብዬ እሱን ነው የያዝኩት። ማንጠልጠያው ትንሽ ቢጣመም እንኳ በጆሮህ እየሰማህ ታስተካክለዋለህ፣ ቤትህ ትደርሳለህ።

ጦሳ ሥር · ደሴ

ጀማው፣ ወላሂ ያልጠበቅኩትን ያህል አገኘሁ። አላህ ይስጣችሁ።

ዛሬ ሳይክሉን ጋሼ ጋ ወስጄ ነበር። ቸርኬ አስገብተው አሳዩኝ። ማንጠልጠያው ከታች ወደ ውስጥ ገብቷል። እኔም በዓይኔ አየሁት፣ ሁለቱ ቸርኬዎች ላይ ተራርቀው ታች ተቀራርበዋል። ቀስ እያሉ መለሱት፣ አሁን እኩል ሆኗል። ያንኑ ስም የለሽ ቀያሪ መልሰው ሲያስሩት ክር ክሩ ጠፋ። ማጠፊያው ግን ስለላላ ማርሹ ይዋልላል፣ እሱ መቀየሩ አይቀርም።

ስለዚህ ያገለገለ አሴራ ወይም አልቱስ፣ ረጅም ክንድ ያለው፣ እንደ ባቲ ሰኞ ምክር አይቼ እገዛለሁ። ባለ 34 ፍሪዊሉንም እፈልጋለሁ። የሐይቋ፣ እህቴ፣ ካሁን በኋላ ሳልፈታ ሚኒባስ ላይ አልጭንም።

የቀረኝ ካቴናው ነው። አሮጌውን ልቀጥልበት? አዲስ ከገዛሁስ ርዝመቱን እንዴት ነው የምለካው?

ቆቦ ሜዳ · ቆቦ

አሮጌውን በማስመሪያ ለካው። 12 ሙሉ ዓይን ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሙሉ ዓይን ማለት አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን አብረው ነው። 307 ከደረሰ ጊዜው አልቋል። ከዚያ በላይ ከነዳኸው ጥርሱን ይበላዋል።

የሰኞ ገበያው ጠጋኝ · ደሴ

ቆቦ ሜዳ የጻፈው ልክ ነው፣ እኔ ያንተን ለክቼዋለሁ። ከ307 አልፏል። አዲስ ፍሪዊል ላይ አሮጌ ካቴና አላስርልህም፣ ይዘላል፣ አዲሱንም ጥርስ ያበላሸዋል። ሁለቱ አብረው ይቀየሩ።

ርዝመቱ እንዲህ ነው። ካቴናውን በማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳታሳልፈው ፊት ትልቁ ጥርስና ኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አዙረው። ሁለቱ ጫፎች ጥብቅ ብለው የሚገናኙበትን ቦታ ያዝ። ከዚያ ላይ አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ጨምር፣ 25 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከዚህ ካሳጠርከው ትልቅ በትልቅ ስትገባ ካቴናው ቀያሪውን ገንጥሎ ይጥለዋል። ማንጠልጠያህንም እንደገና ይዞት ይሄዳል።

ከተገጠመ በኋላ ከሁለቱ ወሰን ቪቴዎች ሌላ ቢ የሚባለውን ሦስተኛ ቪቴ እናያለን። ትልቁ ጥርስ ላይ ሆኖ የላይኛው ሮለር ከጥርሱ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት። ባለ 28 ላይ የነበረው ማስተካከያ ለ34 አይሆንም፣ ሮለሩ ጥርሱን ይነካል። የገመዱን ላስቲክ ሽፋንም አየሁት፣ ከኋላ ያለው ቁራጭ ተቀጥፎ ውሃ ገብቶበታል። ገመዱንና ሽፋኑን አብረህ ግዛ፣ ርካሽ ናቸው።

ዕቃውን ስታገኝ ከመክፈልህ በፊት ፎቶ አንስተህ እዚህ ላክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ።